ከሰሜን ሸዋ ሆናችሁ የኦንላይን ሲቢቲ (የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና) ባለሙያ ስትመርጡ ምኑን ከምኑ ታወዳድራላችሁ?

የጣርማ በርን ዋሻ ያለፈበት ሰው ያውቀዋል። ጉሙ ሲወርድ ከፊት ያለው መኪና እንኳ አይታይም። ከሦስት ዓመት በፊት ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ሚኒባሱ ዋሻው ውስጥ እንደገባ ልቤ ይደልቅ ጀመር። እጄ ደነዘዘ፣ ትንፋሽ አጠረኝ። «አሁን መሞቴ ነው» አልኩ በሆዴ። አልሞትኩም። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ስምንት ወር ሙሉ በዚያ መንገድ አልሄድኩም። እናቴ የምትኖረው ደግሞ ደብረ ሲና ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ሐኪም ቤት ነው። እናንተም ከዚያ ጀምሩ። የታይሮይድ ችግር፣ የደም ማነስና የልብ ምት መዛባት ጭንቀት መስለው ሊመጡ ይችላሉ። እኔ ተመርምሬ ደህና ነሽ ተባልኩ። ሐኪሙ «ይሄ ፓኒክ የሚባለው፣ ድንገት የሚመጣ ኃይለኛ ፍርሃት ነው፣ ሲቢቲ የሚሠራ ሰው ፈልጊ» አለኝ። የት እንደምፈልግ ግን አልነገረኝም። ከዚያ በኋላ ሦስት ባለሙያዎችን በኦንላይን ሞከርኩ። ሁለቱ አልሆኑልኝም፣ ሦስተኛዋ ሆነችልኝ። እናንተ በመጀመሪያው ሙከራ ብታገኙት ደስ ይለኛል።

ሲቢቲ በአማርኛ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ይባላል። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፊላደልፊያ ውስጥ የጀመረው ነው። ቤክ አንድ ነገር አስተዋለ። ሰው ከመፍራቱ ወይም ከመከፋቱ በፊት ብልጭ የምትል ሐሳብ አለች። ሰውየው ራሱ ልብ አይላትም። ሕክምናው ያቺን ሐሳብ ይዞ፣ ወረቀት ላይ አስፍሮ፣ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ ይመረምራታል። ሌላው ግማሹ ድርጊት ነው፤ የምንሸሸውን ነገር ቀስ በቀስ መጋፈጥ። ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት፣ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ያህል ይቆያል። በቪዲዮ ሲሰጥም ለጭንቀትና ለድብርት ፊት ለፊት ከሚሰጠው ጋር የሚቀራረብ ውጤት እንዳለው በተደጋጋሚ ተጠንቷል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ ወይም ሸዋ ሮቢት ስለሆናችሁ የቀረባችሁ ነገር አለ ብላችሁ አትዘኑ።

ከሁሉ በፊት ቋንቋውን

ጥርስ ለማስነቀል ሐኪሙ በምን ቋንቋ ቢያወራ ግድ የለም። ሲቢቲ ግን የሚሠራው በዚያች ብልጭ በምትለው ሐሳብ ላይ ነው። ሐሳቧ ደግሞ አስተርጓሚ ጠርታ አትመጣም። እናታችሁ ስትቆጣችሁ በሰማችሁት ቋንቋ ነው የምትመጣው።

የመጀመሪያዋ ባለሙያዬ ውጭ አገር ያለች፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነበረች። ውጭ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው የከፈለልኝ። እንግሊዝኛዬ ደህና ነው፣ በሥራዬም እጠቀምበታለሁ። ዋሻው ውስጥ የመጣችብኝ ሐሳብ ግን እንዲህ ነበረች፤ «እዚህ ብወድቅ ሰው ምን ይለኛል? የእትዬ እገሊት ልጅ ለየላት ሊሉ ነው።» ይህን ወደ እንግሊዝኛ ስመልሰው «አፍራለሁ» ብቻ ሆኖ ቀረ። ባለሙያዋ ደግ ሰው ናት። «የማታውቂያቸው ሰዎች ቢያዩሽ ምን አለበት?» አለችኝ። የደብረ ሲና ሚኒባስ ውስጥ እኮ የማላውቀው ሰው የለም! ይሉኝታ ምን እንደሆነ ለማስረዳት አንድ ሙሉ ቀጠሮ ሄደ። ያውም በዶላር።

እንግዲህ የመጀመሪያው ማወዳደሪያዬ ይሄ ነው። ስትደነግጡ፣ ስታዝኑ፣ ሌሊት እንቅልፍ ስታጡ ከራሳችሁ ጋር በምን ቋንቋ ነው የምታወሩት? በአማርኛ ከሆነ አማርኛ የሚችል ፈልጉ። በአፋን ኦሮሞ ወይም በአርጎብኛ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ በዚያ ቋንቋ የጻፋችሁትን ሐሳብ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው ያስፈልጋችኋል። «ሆድ ባሰኝ» እና «ከፋኝ» ልዩነት እንዳላቸው ሳይነገረው የሚያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ ያተርፍላችኋል።

የውጭ ሰው የሚሻልበት ጊዜም አለ። አንዳንዱ ሰው ምስጢሩ አገር ውስጥ ላለ ሰው ከሚደርስ ባሕር ማዶ ቢቀመጥለት ይመርጣል። ይህን ስሜት አልንቀውም። አገራችን ጠባብ ናት፤ አዲስ አበባ ያለው ባለሙያ የአጎታችሁ ልጅ ጓደኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። አፋችሁን በእንግሊዝኛ የምትፈቱ ከሆነ ደግሞ ምርጫው ይሰፋላችኋል።

አማራጮቹን ጎን ለጎን

አዲስ አበባ ሆነው በኦንላይን የሚያክሙ ባለሙያዎች ለእኛ በጣም ቅርቦቹ ናቸው። ሰዓታችን አንድ ነው። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ያልቃል። ነገሩ ከከበደ ደግሞ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ጠዋት ወጥቶ በአካል አግኝቶ ማታ መመለስ ይቻላል። እኔ ለአብዛኛው የዞናችን ሰው የማስቀድመው ይህን ነው። ችግሩ ሲቢቲን በደንብ የሠለጠኑት ብዙ አይደሉም፤ ቀጠሮ ለማግኘት ሳምንታት ልትጠብቁ ትችላላችሁ።

ቀጥሎ ዲያስፖራ ውስጥ ያሉ ሐበሻ ባለሙያዎች አሉ። አማርኛውም ሥልጠናውም አብረው ሊገኙ ይችላሉ። ሁለት ነገር ግን ጠይቁ። አንደኛው ፈቃዳቸው ነው። አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ የሚሰጠው በየግዛቱ ስለሆነ፣ አንዱ ግዛት የሰጠው ፈቃድ ኢትዮጵያ ያለ ሰው ለማከም ላያገለግል ይችላል። ጥሩ ባለሙያ ይህን ሳይቆጣ ያስረዳችኋል። ሁለተኛው ሰዓት ነው። ዋሽንግተን ከእኛ አንዴ 7፣ አንዴ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ እነሱ በመጋቢት መጀመሪያና በጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ። በዚያ ላይ የእኛ ማታ 2 ሰዓት በውጭ አቆጣጠር፣ በአዲስ አበባ ሰዓት፣ ማታ 8 ተብሎ ነው የሚጻፈው። ቀጠሮ ስትይዙ «ማታ፣ በኢትዮጵያ ሰዓት» ብላችሁ በጽሑፍ አረጋግጡ።

ትልልቆቹን የውጭ መድረኮች (ታካሚን ከባለሙያ የሚያገናኙ ድረ ገጾችን) በተመለከተ የታወቀው ቤተርሄልፕ ነው። ዋጋው ባለፉት ዓመታት በሳምንት ከ70 እስከ 100 ዶላር አካባቢ ነበር። ወደ ብር ሲመነዘር ያማል፤ በዚያ ላይ ከአገር ቤት በዶላር መክፈል ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ጥቅሙ ባለሙያ መቀየር ቀላል መሆኑ ነው፣ ማንንም ፊት ለፊት «ተውኩ» ማለት የለም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ድርጅቱን የደንበኞችን የጤና መረጃ ለፌስቡክና ለስናፕቻት ለማስታወቂያ አሳልፎ ሰጥቷል ብሎ ከሶት፣ ጉዳዩ በ7.8 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ ተቋጭቷል። ይህን የምነግራችሁ ልትተዉት አይደለም። ማንኛውንም መድረክ ከመጠቀማችሁ በፊት መረጃችሁ የት እንደሚሄድ አንብቡ ለማለት ነው።

በራስ የሚሠሩ መተግበሪያዎችና የልምምድ መጻሕፍትም አሉ። ችግራችሁ ቀለል ያለ ከሆነ ይጠቅማሉ፣ ርካሽም ናቸው። ችግሩ ብቻውን የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ መሐል ላይ ያቆማል። በሳምንት አንዴ ለአሥር ደቂቃ እንኳ የሚከታተል ሰው ካለ ውጤቱ በጣም ይሻላል። ሌሊት ቻትጂፒቲን የሚያማክሩ ወጣቶችም አውቃለሁ። ሐሳብ ለማስፈር ሊያግዝ ይችላል። ግን ብዙ ጊዜ የምትሉትን ይቀበላል፤ ፓኒክና ጥርጣሬ ደግሞ የሚያድጉት በማረጋገጫ ነው። «ልቤ ደህና ነው አይደል?» ብላችሁ በሌሊት ሃያ ጊዜ ብትጠይቁ ሃያ ጊዜ ይመልስላችኋል። ጥሩ ባለሙያ ግን ሦስተኛው ላይ «ይህን ጥያቄ አንመልሰውም፣ ቁጭ ብለን እንየው» ይላችኋል።

የቅርቡንም አትርሱ። ደብረ ብርሃን ያለው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። መድኃኒት ከዚያ እየተከታተሉ ሲቢቲውን ከአዲስ አበባ በስልክ መውሰድ ይቻላል። ለብዙ ሰው ተስማሚው እንዲህ ያለ ቅልቅል ይመስለኛል።

በኦንላይን የማይሆን ነገርም አለ። ራስን ለማጥፋት ማሰብ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ለቀናት ሳይተኙ ከመጠን በላይ መነቃቃት ካለ ጊዜ አታጥፉ። ያን ሰው ብቻውን አትተዉት፤ ወደ ቅርብ ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ።

ማዕረጉን ለዩ

ቴሌግራም ላይ «አማካሪ» የሚል ሰው ሞልቷል። ሁሉም መጥፎ ነው አልልም። ግን ሳይካትሪስት ሐኪም ነው፤ መድኃኒት ያዛል። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት በሥነ ልቦና ሕክምና የሠለጠነ ነው፤ መድኃኒት አያዝም። አነቃቂ ንግግር የሚያደርግ ሰው ከሁለቱም አይደለም፣ ተከታዩ መቶ ሺህ ቢሆንም።

ሁለተኛው ባለሙያዬ በጣም ታዋቂ ነበር። ንግግሩ ደስ ይላል። ስልኩን ስዘጋ ልቤ ሞቅ ይላል፣ በማግስቱ ግን ያው ነኝ። ስንት ጊዜ ተገናኝተን አንድም ነገር ጻፊ አላለኝም። ጣርማ በርን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳም። ምክር ነበር፣ ሲቢቲ አልነበረም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፤ ሲቢቲ የት ተማሩ? የሙያ ፈቃድ አለዎት? እንደ እኔ ያለ ችግር ያለበት ሰው አክመዋል? በሳምንቱ መሐል የቤት ሥራ ይሰጣሉ? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ሰው ያስለያል። የቤት ሥራ የሌለው ሲቢቲ የለም።

ችግራችሁ ምን እንደሆነም ባለሙያውን ይወስናል። ለእንቅልፍ ማጣት ለእሱ ብቻ የተዘጋጀ የሲቢቲ ዓይነት አለ። ከጦርነት የተረፉ፣ ከአጣዬም ከወለጋም ተፈናቅለው የመጡ፣ ያዩት ነገር ሌሊት የሚመለስባቸው ሰዎች በአሰቃቂ ገጠመኝ ሕክምና የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋቸዋል፤ እሱን ሳያውቅ ዝም ብሎ «ንገሩኝ» የሚል ሰው ቁስል ሊቀሰቅስ ይችላል። ቅዳሴ ላይ ቆመው የስድብ ሐሳብ የሚመጣባቸው፣ አንዱን ኃጢአት ደጋግመው የሚናዘዙ ሰዎችም አሉ። ይህ ብዙ ጊዜ የጥርጣሬ ሕመም (ኦሲዲ የሚባለው) ነው፣ ሕክምናም አለው። ይህን የሚያክም ሰው እምነታችሁን የሚያከብር፣ ቢያስፈልግ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ለመነጋገር ፈቃደኛ የሆነ ቢሆን በጣም ጥሩ ነው።

ጠበልንም እዚሁ ላንሳው። ጻድቃኔ ማርያም የማይሄድ ማን አለ? እኔም ሄጃለሁ፣ ሰላም አግኝቼበታለሁ። ባለሙያው ይህን ሲሰማ ቢስቅ ወይም ፊቱን ቢያጨማድድ ሌላ ፈልጉ። «ጠበሉንም ሕክምናውንም» የሚል ሰው ይሻላችኋል። መድኃኒት የጀመራችሁ ግን ጠበል ስትገቡ በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ያዘዘላችሁን ሰው አማክሩ።

ኔትወርክ፣ ገመና፣ ብር

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የምንረሳው አይደለም። ስለዚህ ከባለሙያው ጋር መጀመሪያ የምትስማሙበት «ኢንተርኔት ቢጠፋ በመደበኛ ስልክ እንቀጥላለን?» የሚለው ይሁን። እምቢ የሚል ለእኛ አካባቢ አይሆንም። ቪዲዮ በሰዓት ግማሽ ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ይበላል፤ ድምፅ ብቻ ከሆነ ከመቶ ሜጋባይት በታች ነው። እኔ ከሦስተኛዋ ጋር አብዛኛውን በድምፅ ነው የጨረስኩት፣ ምንም አልጎደለብኝም።

ገመናን መጠበቅ የሚከብደው ቤት ውስጥ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሆናችሁ የምትኖሩ ከሆነ ሰው ይሰማናል ብላችሁ ስታንሾካሹኩ ሕክምናው አይሠራም። እኔ ከሥራ በኋላ ቢሮ እቀር ነበር። ደጅ ወጥቶ መራመድም ይቻላል፣ በጥቅምትና በኅዳር የደብረ ብርሃን ውርጭ ካልከለከለ። መደበኛው የቴሌግራም ጽሑፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ (ከላኪና ከተቀባይ ሌላ ማንም የማያነበው) አይደለም፤ ሚስጥራዊ ቻቱና ጥሪው ናቸው እንጂ። ዋትስአፕ ላይ የግል መልእክቱም ጥሪውም የተመሰጠረ ነው። ቀጠሮው ይቀዳ እንደሆነም ጠይቁ።

ብሩን ስታሰሉ የአንዱን ቀጠሮ ዋጋ አትዩ። በ12 አባዙት። ርካሽ ሆኖ ዓመት የሚያቆያችሁ ሰው ከውዱ ሊበልጥባችሁ ይችላል። ለተማሪ ወይም ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቅናሽ ካለ ጠይቁ፣ አያሳፍርም።

የመጀመሪያው ቀጠሮ

ሦስተኛዋ በመጀመሪያው ቀን ብዙ አላወራችም። «መጨረሻ ጊዜ የመጣብሽ መቼ ነው? የት ነበርሽ? ልክ ያኔ በሐሳብሽ ምን መጣ? በራስሽ ቃል ንገሪኝ» አለች። ስለ ይሉኝታው ስነግራት ማብራሪያ አልጠየቀችም። «ማን ማን ነበር ሚኒባሱ ውስጥ?» ብቻ አለች። ያኔ ነው ትክክለኛው ሰው ጋ እንደደረስኩ የገባኝ።

ቀጥላ ስለ ቡናው ጠየቀችኝ። እኔ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳልል የማልነሣ ሰው ነኝ። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ልብ ያስመታል፣ ፓኒክ ያለበትን ሰው ደግሞ ይበልጥ። ጥሩ ባለሙያ ስለ ቡና፣ ስለ ጫት፣ «እንቅልፍ ያመጣልኛል» ብላችሁ ማታ ማታ ስለምትቀምሱት አረቄም ይጠይቃል። ሳይጠይቅ የሚያልፍ ከሆነ እናንተ ንገሩት።

ከዚያ መጠይቅ ላከችልኝ። ለድብርት ዘጠኝ ጥያቄ፣ ከ0 እስከ 27 የሚደመር። ለጭንቀት ሰባት ጥያቄ፣ ከ0 እስከ 21። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ነው የሚጠይቁት። የድብርቱ በአማርኛ ተተርጉሞ እዚሁ አገር ተፈትሿል። በየጊዜው ስለምትሞሉት ለውጡን በስሜት ሳይሆን በቁጥር ታዩታላችሁ። አንዱን ባለሙያ ከሌላው የምታወዳድሩበት ጥሩ መንገድም ይኸው ነው፤ ለውጣችሁን የሚለካ አለ፣ የማይለካ አለ።

እንግሊዛዊው ዴቪድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣውን የፓኒክ ሐሳብ በክብ ሥዕል አሳየችኝ። ልብ ይመታል። «ልሞት ነው» ትላላችሁ። ስትፈሩ ልብ ይብስበታል። ያኔ ሐሳቡ እውነት ይመስላል። ክቡ እንዲሰበር ልብ መምታቱ እንደማይገድል ሰውነት ራሱ ማየት አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያ የቤት ሥራዬ ደረጃ ሮጦ መውጣት ነበር። በ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ደረጃ መሮጥ ምን እንደሚያደርግ ታውቁታላችሁ! ልቤ ደለቀ፣ ትንፋሼ አጠረ፣ አልሞትኩም። ደብተር ላይ ጻፍኩት። በሁለተኛው ሳምንት መናኸሪያ ሄጄ ቆሞ በሚጭን ሚኒባስ ውስጥ አሥር ደቂቃ ተቀመጥኩና ወረድኩ። ከዚያ ዋሻው አፍ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ከዚያ ከእህቴ ጋር አለፍኩት። በመጨረሻ ብቻዬን፣ በጉም። በዘጠኝ ሳምንት።

ከአራት እስከ ስድስት ቀጠሮ ሰጥታችሁ ምንም ካልተንቀሳቀሰ መጀመሪያ ለባለሙያው ንገሩት። ምናልባት መንገዱን ይቀይራል። ካልቀየረ ልቀቁ። እዚህ ላይ ይሉኝታ ይይዘናል። እኔ ታዋቂውን ባለሙያ ለመልቀቅ ወር ከግማሽ ፈጀብኝ። በየሐሙሱ እከፍላለሁ፣ በየሐሙሱ «ዛሬ እነግረዋለሁ» እላለሁ። በመጨረሻ ይህን ጻፍኩ፤ ከጠቀማችሁ ውሰዱት።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ለሰጡኝ ጊዜ ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ የሚያስፈልገኝ በየሳምንቱ የቤት ሥራ ያለው ሕክምና ስለሆነ ወደ ሌላ ባለሙያ ልሄድ ወስኛለሁ። ስለ እኔ የያዙት ማስታወሻ ካለ ቢልኩልኝ ለሚቀጥለው ሰው ይጠቅማል።»

ማታውኑ መለሰልኝ። ግማሽ ገጽ ማስታወሻ ላከ፣ ከሥሩም «አይከፋኝም ልጄ። እናትሽን ያየሽ ቀን ጻፊልኝ» የሚል አለበት። የፋሲካ ማግስት ከደብረ ሲና ጻፍኩለት።